«አደጋ ደርሶ ያውቃል?»፦ የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ጥያቄው ቅጹ ላይ በአሥራ አንደኛ ተራ ቁጥር ነበር የመጣው። «ባለፉት ሦስት ዓመታት በዚህ ተሽከርካሪ ላይ አደጋ ደርሶ ያውቃል? ካለ ይግለጹ።» ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። አንዱ «አዎ»፣ አንዱ «የለም»።

እስክሪብቶዬን «የለም» ላይ ላሳርፍ ስል እጄ ቆመ።

የመኪናዬን ኢንሹራንስ ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላ እየቀየርኩ ነበር። ምክንያቴ ተራ ነው፤ የአዲሱ አረቦን ይቀንሳል፣ ቅርንጫፉም ለሥራ ቦታዬ ይቀርባል። ከድሮው ድርጅት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዤ መጥቻለሁ፤ «ደንበኛችን ከእኛ ጋር በቆዩባቸው ሁለት ዓመታት ምንም የካሳ ጥያቄ አላቀረቡም» ይላል። በዚህ ደብዳቤ አዲሱ ድርጅት 20 በመቶ ይቀንስልኛል። ወደ 6 ሺህ ብር ነው።

ደብዳቤው ውሸት የለበትም። ካሳ ጠይቄ አላውቅም። ቅጹ የጠየቀኝ ግን ስለ ካሳ አይደለም፣ ስለ አደጋ ነው። አደጋ ደግሞ ነበረ።

ሰፈሬ ቁስቋም ነው። ለማታውቁት፣ ከሽሮ ሜዳ አልፋችሁ ወደ እንጦጦ ተራራ ስትጠጉ የምታገኙት የጉለሌ ጫፍ ነው። ስሙን ያገኘው ከቁስቋም ማርያም ነው፤ ኅዳር 6 ሲነግሥ መንገዱ ነጭ በነጭ ይሆናል። መኪና ለሚነዳ ሰው ግን ቁስቋም ማለት ቁልቁለት ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት እንጨትና ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ከእንጦጦ ይወርዳሉ፣ አህዮች ይወርዳሉ፣ ተማሪ ይወርዳል። እኔም በቪትዜ እወርዳለሁ።

የዛሬ ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ አስፋልት፣ ከፊቴ ያለው አሮጌ ዲኤክስ ለአህያ ብሎ ቆመ። እኔም ፍሬን ያዝኩ። ጎማው ግን መሬቱን አልያዘውም፤ ተንሸራትቼ ሄጄ ከኋላው ለጠፍኩበት። የሳቸው የኋላ መብራትና አንድ ፍሬቻ ተሰበረ፣ የእኔ ፓራውልት ወደ ውስጥ ገባ። ሰው አልተነካም። አህያውም ዞር ብሎ አላየን።

ባለ ዲኤክሱ ጋሼ ወረዱ፤ መብራቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ልጄ፣ ፍሬንህን አስፈትሽ» አሉኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሰው ከበበን። በከተማችን እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ። «ተው ተስማሙ! ትራፊክ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ ቀኑን እዚሁ ልትውሉ ነው!» ባለ ሱቁና የሰፈሩ ዕድር ዳኛ መሀላችን ገቡ። መብራቱ ተገመተ፣ የላሜራው እጅ ዋጋ ተገመተ፣ ክርክር ተደረገ፣ 4,500 ብር ላይ ቆመ። ከልጅ ደብተር ላይ በተቀደደ ወረቀት ተጻፈ፦ «ከዛሬ ጀምሮ አንዳችን በአንዳችን ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለንም።» ሁለት ምስክር ፈረመ። ተጨባበጥን። ወረቀቱን አጥፌ ዳሽቦርድ ውስጥ ከተትኩት።

በሰፈሩ ሕግ ነገሩ እዚያው ሞቶ ተቀብሯል። ታዲያ ዓመት ቆይቶ አንድ ቅጽ በምን ሥልጣኑ ከመቃብር ያወጣዋል? እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ፤ የማላውቀው ኮድ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፈው ነው። ጥያቄ ቁጥር 11ንም እንደዚያው ወደ ኋላ ተከትዬ ሄድኩ።

መንገዱ ከኛው ቡና ጋር ያገናኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1688 አካባቢ፣ ለንደን ውስጥ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ቡና ቤት ነበረው። ካፒቴኖች፣ ነጋዴዎችና ባለ መርከቦች እዚያ ቁጭ ብለው የባሕር ወሬ ይለዋወጡ ነበር። የትኛው መርከብ ገባ፣ የትኛው ዘገየ፣ የት ጦርነት አለ። ገንዘብ ያላቸው ደግሞ በዚያ ወሬ ላይ ተመሥርተው «ይህ መርከብ ቢሰጥም እኔ ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብለው ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። ዛሬ ሎይድስ የምንለው የዓለም ትልቁ የኢንሹራንስ ገበያ የተወለደው እንዲህ ነው። የቡና ወሬ የሰፈር ብቻ አይምሰላችሁ።

ችግሩ ግን ግልጽ ነበር። ፈራሚው ለንደን ተቀምጧል፣ መርከቡ ያለው ሌላ ውቅያኖስ ላይ ነው። እንጨቱ በስብሶ እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ታዲያ ባለቤቱ የሚያውቀውን ሁሉ መናገር አለበት ወይስ «አልጠየቅከኝም» ማለት ይችላል?

ለዚህ ጥያቄ በጣም የታወቀው መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1766 ነው። ካርተር የሚባል ሰው በሱማትራ ደሴት የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ይዞት የነበረው የማርልቦሮ ምሽግ ገዥ ነበር። ምሽጉን የአውሮፓ ጠላት ቢይዘው ካሳ እንዲከፈለው ለአንድ ዓመት፣ ከጥቅምት 1759 ጀምሮ፣ ለንደን ውስጥ ኢንሹራንስ ተገባለት። ዓመቱ ሳይሞላ፣ በ1760፣ ፈረንሳዮች መጥተው ምሽጉን ያዙት። ኢንሹራንሱን የፈረመው ቦህም «አልከፍልም» አለ። «ምሽጉ ደካማ እንደሆነ፣ የተሠራው ለአገሬው ሰው እንጂ ለአውሮፓ ጦር እንዳልሆነ ገዥው እያወቀ ደበቀኝ» ሲል ተከራከረ።

ጉዳዩ ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ ፊት ቀረበ። ማንስፊልድ ያኔ ያስቀመጡት መርህ ዛሬም ድረስ በዓለም ዙሪያ የኢንሹራንስ ሕግ ምሰሶ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ስጋቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስ ገቢው ብቻ ነው፤ ሰጪው የሚፈርመው እሱን አምኖ ነው፤ ስለዚህ እያወቁ መደበቅ ማታለል ነው። በሌላ አነጋገር ጥያቄ ቁጥር 11 ልጅ ነው፣ አባቱ ይህ ፍርድ ነው።

ብዙ ሰው የማያወራው ግን ፍርዱ ማንን እንደጠቀመ ነው። የተረታው ድርጅቱ ነው! ማንስፊልድ እንዳሉት ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት እንዳለ ለንደን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ምሽጉ ምን ዓይነት እንደሆነም ቦህም መጠየቅና መገመት ይችል ነበር። ድርጅቱ የሚያውቀውን ወይም ሊያውቅ የሚገባውን ነገር ደንበኛው የመናገር ግዴታ የለበትም። ቅን ልቦናው የሁለቱም ዕዳ ነው። አረቦን እየሰበሰቡ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ አደጋ ሲመጣ «ለካ ደብቀኸኝ ነበር» ማለትም ያው ማታለል ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲከፈት ለውጭ ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ኢንሹራንስ ጭምር ይዞ ነበር የመጣው። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው ከዚያ በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ድርጅት፣ የኢትዮጵያ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው።

ሕጉ ደግሞ ከፈረንሳይ መጣ። የንግድ ሕጋችንን ማርቀቅ የጀመሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ነበሩ። ሳይጨርሱት ሲሞቱ የአገራቸው ልጅ አልፍሬድ ዦፍሬ ቀጠሉት። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ እንኳን ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ክፍል አልተሻረም። ስለዚህ እኔ ቅጹን የሞላሁት ከአባቴ ዕድሜ በሚበልጥ ሕግ ሥር ነው።

አንቀጽ 667 እና 668ን አንድ ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። የመጀመሪያው በውሉ ጊዜ የምታውቀውን፣ ድርጅቱ ስጋቱን በትክክል እንዲመዝን የሚያስችለውን ነገር ሁሉ ተናገር ይላል። ሁለተኛው ካልተናገርክ ምን እንደሚከተል ይነግርሃል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰው ይለያል። ሆን ብሎ የስጋቱን መልክ የሚለውጥ ነገር የደበቀ ሰው ውሉ ይፈርስበታል። ያለማወቅ ወይም በመርሳት የሳተ ሰው ግን ውሉ ወዲያው አይጠፋበትም።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የእንግሊዞቹ ሕግ ከማንስፊልድ በኋላ እየከረረ ሄዶ፣ በተለይ ከ1906ቱ የባሕር ኢንሹራንስ ሕግ ወዲህ፣ በቅንነት የረሳውንም ሰው ውል ሙሉ በሙሉ ያፈርስ ነበር። ለተራው ደንበኛ ያንን ያስተካከሉት በ2012 በወጣ ሕግ ነው፤ አሁን ድርጅቱ ራሱ በግልጽ መጠየቅ አለበት፣ ደንበኛው ደግሞ በጥንቃቄ መመለስ። ፈረንሳዮች ግን በ1930ው ሕጋቸው ለረሳ ሰው ሒሳብ አበጅተው ነበር። 30 ሺህ ብር መክፈል ሲገባህ 24 ሺህ ከፍለህ ከሆነ፣ የከፈልከው 80 በመቶ ነው፤ 500 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ 400 ሺህ ታገኛለህ። ለኢንጂነር ጆሮ ይህ ዜማ ነው። ስሕተት ሁሉ ሲስተሙን ክራሽ አያደርገውም፤ ውጤቱ በስሕተቱ ልክ ይቀንሳል።

እኔ ግን ከሁለቱ የትኛው ነኝ? ወረቀቱ ዳሽቦርዴ ውስጥ ነው። «ረሳሁ» ማለት አልችልም።

ይህ ጥያቄ በአገራችን ለሃያ ዓመት ያህል ትርጉም አጥቶ እንደነበር የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ 13 የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ወረሰ። በ1968 ዓ.ም. ሁሉም በአንድ ተጠቃለሉና የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተባሉ። ከዚያ በኋላ ድርጅት መቀየር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወዴት ትቀይራለህ? ለካሳ የቀረብክበት ግጭት ሁሉ እዚያው አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ አንድ ፋይል ላይ ተቀምጧል።

በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 86 ሲወጣ በሩ ለግል ድርጅቶች ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ምርጫ አለን፤ ዋጋ እናወዳድራለን፣ ካልተመቸን እንወጣለን። ግን ስንወጣ ፋይላችን ተከትሎን አይወጣም። በሥራዬ ዳታ ከአንድ ሲስተም ወደ ሌላ ስናዛውር ሁሌ የሚያስፈራን የሚበላሸው አይደለም፣ ሳይነሳ የሚቀረው ነው። የተበላሸው ይጮኻል፤ የቀረው ድምፅ የለውም። ድርጅት ስትቀይር ያለፈ ታሪክህን የሚያሻግረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አንተ ነህ። ነፃነቱ የመጣው ከዚህ ሸክም ጋር ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ሸክም ከሰው ላይ አውርደው ለኮምፒውተር ሰጥተውታል። ክሉ የሚባል የጋራ የመረጃ ቋት አለ፤ እስከ ሰባት ዓመት ድረስ ያለውን የካሳ ታሪክህን ለአዲሱ ድርጅት ያሳየዋል። እዚያ ጥያቄው ለወጉ ይጠየቃል እንጂ መልሱ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ታውቋል።

እኛ ቁስቋም ደግሞ ሌላ ዓይነት ቋት አለን፤ ዕድር። ዕድራችን ቅጽ አያስሞላም። አዲስ ሰው ሲመጣ መግቢያ ይከፍላል፣ የቤተሰቡን ስም ያስመዘግባል፣ በቃ። ቤቱ ውስጥ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ጎረቤት ያውቀዋላ! መናገር ግዴታ የሚሆነው የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው ስጋት ሲካፈሉ ብቻ ነው። ዕድሩ አይጠይቅህም፣ ያውቅሃል። ድርጅቱ አያውቅህም፣ ስለዚህ ይጠይቅሃል። ጥያቄ ቁጥር 11 እንደ ፖሊስ ምርመራ ያስቆጣኝ ይህን ሳላስብ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ እንዲህ ዓይነት ቅጽ በኮድ ሠርቻለሁ። ያሠራን ሰው «ደንበኛው እንዳይሰለች» አለና የአደጋው ጥያቄ ከመጀመሪያውኑ «የለም» ላይ ምልክት ተደርጎበት እንዲከፈት አዘዘ። አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ጻፍኩት፣ ረሳሁት። አሁን ሳስበው ያ መስመር በማንስፊልድ ሚዛን ምን ይሆን ነበር? ደንበኛው ሳያነብ አልፎ ሄዷል፤ ድርጅቱ «የለም» የሚል መልስ ይዟል። ማን ዋሸ? ሰውዬው አፉን አልከፈተም። ውሸቱን በሱ ስም አስቀድሜ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ፊት ለፊቴ ያለው የወረቀት ቅጽ ግን አስቀድሞ የተሞላ ነገር የለውም። ሁለቱም ሳጥኖች ባዶ ናቸው። ጸሐፊዋን ጠየቅኳት።

«ትንሽ ግጭት ነበረች፤ ተስማምተን ነው የተለያየነው። ይጻፋል?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ካሳ ጠይቀሃል?»

«አልጠየቅኩም።»

«እና ታዲያ! ወንድሜ፣ ይሄን ማንም አይጽፍም። ደብዳቤህ ንጹሕ ነው። ቅናሹ ይቅርብህ?»

ክፋት የላትም፤ ልትረዳኝ ነው። ግን ነገ አደጋ ቢደርስ ፋይሉን የምታየው እሷ አይደለችም፤ ምናልባት እሷ እዚያ አትኖርም። የሚቀረው የኔ ምልክትና የኔ ፊርማ ነው። ቅጹን ይዤ ወጣሁና እህቴጋ ደወልኩ። የመኪናው ግማሽ ገንዘብ የሷ ነው፤ ቤይሩት ሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ ያጠራቀመችው። ሙሉ ኢንሹራንስ የምገባውም ለዚህ ነው፤ ሕጉ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገኑን ብቻ ነበር። ነገርኳት። 6 ሺህ ብሩንም ነገርኳት፤ በሷ ሒሳብ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ጥቂት ዝም አለች።

«መኪናው ቢወድም ገንዘቡን ላይከፍሉን ይችላሉ ነው የምትለኝ?»

«ሆን ብዬ ደብቄ ከሆነ፣ አዎ፣ ሊከራከሩኝ ይችላሉ።»

«እኔ ገንዘቤን የላክሁት መኪና እንድትገዛበት ነው እንጂ ወረቀት እንድትገዛበት አይደለም። ጻፈው!»

ጻፍኩት። «አዎ። ነሐሴ ወር፣ ቁስቋም ቁልቁለት ላይ፣ ከኋላ ግጭት፣ በሰው ላይ ጉዳት የለም፣ በስምምነት ያለቀ፣ 4,500 ብር።» የደብተሩንም ወረቀት በስልኬ ፎቶ አንስቼ አሳተምኩና አያያዝኩት። ጸሐፊዋ ሳቀች፤ ግን ወደ ውስጥ ይዛው ገባች።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ወጣ፤ ውሉን የሚያጸድቀው እሱ ነው። መኪናውን ዞር ብሎ አየ። ፓራውልቱ የተቃናበትን ቦታ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«የቁስቋም ቁልቁለት ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«አውቀዋለሁ። ባለቤቴ የሽሮ ሜዳ ልጅ ናት፤ ክረምት ላይ እዚያ መንዳት ትቻለሁ።» ሳቅ አለ። ቅናሹን 10 በመቶ አደረገው። የ6 ሺህ ብሩ ግማሽ ሄደ ማለት ነው።

3 ሺህ ብር የሚያናድድ ገንዘብ ነው፤ አልዋሻችሁም፣ ወደ ቢሮ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ስነጫነጭ ነበር። ሐቀኛ ስለሆንኩ ሽልማት አልተሰጠኝም። ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ ቢመጣ «ደብቀህ ነበር» የማልባልበት ውል። ከዚህ በኋላ ድርጅቱ ቁልቁለቱን ያውቃል። በማንስፊልድ ፍርድ ካየነው፣ ሸክሙ ከኔ ትከሻ ወደሱ ዞሯል።

አዲሱን ፖሊሲ ዳሽቦርዱ ውስጥ፣ ከደብተሩ ወረቀት አጠገብ አስቀመጥኩት። አንዱ ባለ ማኅተም ነው፣ አንዱ የባለ ሱቁ የዘይት ጣት ያረፈበት። አሁን ሁለቱ የሚሉት አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ባለ ዲኤክሱ ጋሼ ደግሞ የማንንም ቅጽ አልጠበቁም። እስከ ዛሬ ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ስንገናኝ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው።

«ልጄ፣ ፍሬንህ እንዴት ነው?»